ኃይል የተሰጠው ሰው ምን ይምረጥ?
(በጣና ዳር ስለሚሆን ባለ ብዙ ክፍል ጨዋታ አነዳደፍ)

ጨዋታ ሲባል ብዙ ሰው የሥራ ፈት መዋያ አድርጎ ይገምተዋል። የቪድዮ ጨዋታ ሲባልማ ግምቱ የባሰ ነው። ነገር ግን ገበጣ የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው ጨዋታ የሐሳብ ሥራ ነው፤ ከአንዱ ጉድጓድ ጠጠር ሲያነሡ የሌላውን ጉድጓድ ማሰብ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ አንድ የጨዋታ ዓይነት አነዳደፍ ለጓደኞቻችን ተማሪዎች በአጭሩ ማስረዳት ነው። ይኸውም ታሪኩ በክፍል በክፍል እየሆነ የሚወጣ፣ አካሄዱን የተጫዋቹ ምርጫ የሚመራው፣ ዋናው ሰውም ከሰው በላይ የሆነ ኃይል ያለው ጀግና የሆነበት ጨዋታ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ቦታ ሩቅ አገር ሳይሆን በየቀኑ የምናየው የጣና ሐይቅ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሀ. የዚህ ዓይነት ጨዋታ ከየት መጣ?

በ1967 በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ቼኮዝሎቫኪያ ኪኖአውቶማት የተባለ እንግዳ ፊልም አሳይታ ነበር። ፊልሙ በየጊዜው እየቆመ ተመልካቹ ቀጥሎ ምን ይሁን ተብሎ ይጠየቃል። እያንዳንዱም በወንበሩ ላይ ባለው ቁልፍ ድምፁን ይሰጣል፤ የበዛው ድምፅ ያሸንፋል። የሠሪዎቹ ምሥጢር ግን ሌላ ነበር፤ ሁለቱም መንገዶች ጥቂት ከሄዱ በኋላ ወደ አንድ ቦታ ይገጥሙ ነበር። ይህን ምሥጢር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ2012 ቴልቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዘ ዎኪንግ ዴድ የተባለውን ጨዋታ በ5 ክፍል አወጣ። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ከሚተኩሰው ይልቅ የሚናገረው ይበልጣል። አንድ ነገር ሲናገር ያነጋገረው ሰው ነገሩን እንደማይረሳው በጽሑፍ ይነገረዋል። በየክፍሉ መጨረሻም ከተጫዋቾች መካከል ስንት በመቶው እንደ እርሱ እንደ መረጡ ያሳየዋል። ይኸው ኩባንያ በ2016 የባትማንን ታሪክ በዚሁ አኳኋን ሠራው። ከ2017 እስከ 2018 በወጣው ሁለተኛ ተከታታይ ውስጥ ኋላ የባትማን ትልቁ ጠላት ይሆናል ተብሎ የሚጠበቀው ሰው ተጫዋቹ እንደያዘው ሁኔታ ወይ አጋር ለመሆን ይሞክራል፣ ወይ ግልጽ ጠላት ይሆናል። የመጨረሻው ክፍልም ስለዚህ በሁለት መልክ ተጽፏል። ከዚህ የምንማረው ጠላት የሚባለው ሰው እንኳ በተጫዋቹ አያያዝ ሊሠራና ሊበላሽ እንደሚችል ነው።

ኩባንያው በ2018 አንድ ተከታታይ ጀምሮ ሳይጨርስ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ተዘጋ፤ የቀረውንም ክፍል ሌላ ድርጅት ተረክቦ ፈጸመው። ከቀድሞ ሠራተኞቹ አንዳንዶቹ በመሠረቱት አድሆክ በተባለ ድርጅት በ2025 ዲስፓች የተባለ ባለ 8 ክፍል ጨዋታ ወጥቷል። ጀግናው የኃይሉ ምንጭ የሆነውን ልብስ አጥቶ በቢሮ ተቀምጦ ሌሎችን ወደ ሥራ የሚልክ ሰው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ በ2018 ብስራት ደበበ የመሠረተው የሥዕል ታሪክ ድርጅት ጀምበር የተባለውን መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ጀግናው ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። በዚያው ዓመት ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ኩኩሉ የተባለውን፣ ከባለቤቷ እጅ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን የስልክ ጨዋታ አውጥቷል። እንግዲህ ጀግናውም ጨዋታውም በእጃችን አለ። ሁለቱን አገናኝቶ የራስን አገር ነገር መናገር የሚቀረው ለእኛ ነው።

ለ. የኃይሉ ሕግ

ጀማሪ ነዳፊ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ጀግናው ምን ምን ማድረግ እንደሚችል በመቁጠር ነው። ይበራል፣ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ጥይት አይበሳውም ይላል። እንዲህ የሆነ እንደሆነ ግን ምርጫ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ሁሉን የሚችል ሰው ምን ቸግሮት ይመርጣል? በበኩሌ ከሁሉ አስቀድሞ መጻፍ ያለበት ኃይሉ የማይችለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ለጣናው ጨዋታ ያሰብነው ጀግና አንዲት የጀልባ ነጂ ልጅ ናት። ኃይሏም የሐይቁን ውሃ አንድ ክንድ ያህል ማንሣትና ማውረድ ነው። ሕጉ ግን ይህ ነው፦ ኃይሏ ውሃ አይፈጥርም። በአንዱ ዳር ያነሣችው በሌላው ዳር ይጎድላል፤ ከአንዱ ዳር ያባረረችውም በሌላው ዳር ይሞላል። እንግዲህ ለአንዱ የምታደርገው ደግነት ሁሉ ከሌላው የተወሰደ ነው። ጨዋታው በሙሉ የሚቆመው በዚህ በአንድ ሕግ ላይ ነው።

ሕጉን ከአየር ላይ አላመጣነውም፤ ሐይቁ ራሱ ያስተማረን ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን ጥልቀቱ ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ወደ 14 ሜትር ነው። ስለዚህ የውሃው ከፍታ በጥቂቱ ሲለወጥ ዳርቻው ብዙ ይለወጣል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በባሕር ዳር የጨረጨራ የውሃ መቆጣጠሪያ በር በ1996 ተሠርቶ ውሃውን በልክ መልቀቅ ተጀመረ። ከፏፏቴው አጠገብ በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመሩ። ውሃው ወደ ማመንጫው ሲዞር የፏፏቴው መጠን ቀነሰ። በ2003 የዝናቡ ማነስና ለመብራት የተለቀቀው ውሃ ተደምረው ሐይቁ በጣም ዝቅ አለ፤ ትልልቅ ጀልባዎች ለመንቀሳቀስ ተቸገሩ፤ ገበሬዎች ደግሞ ውሃው የለቀቀውን ባሕር ሸሽ መሬት አረሱት። በ2006 ነገሩ ተገልብጦ ጎርፍ የፎገራን ሜዳ አጥለቀለቀው። በ2010 ከሐይቁ ምዕራብ ውሃ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ ወንዝ የሚያወርደው 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። በ2011 ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ ታየ።

እዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉው ሰው ማን ነው? በሩን የሚዘጋው ነው እንዳንል መብራቱ ማታ መጽሐፍ የምናነብበት ነው። ባሕር ሸሹን ያረሰው ገበሬ ነው እንዳንል የሚበላው የለውም። ሁሉም ባለ ጉዳይ ነው፤ ሁሉም እውነት አለው። ለምርጫ ጨዋታ ከዚህ የተሻለ መሬት አይገኝም። በአንድ ወገን ጻድቅ፣ በሌላ ወገን ሰይጣን የቆመበት ምርጫ ምርጫ አይደለም፤ የመልስ ወረቀቱ አስቀድሞ የታደለ ፈተና ነው።

ሐ. የአምስቱ ክፍሎች አከፋፈል

እያንዳንዱ ክፍል አንድ ቦታ፣ አንድ ባለ ጉዳይና አንድ ከባድ ጥያቄ ይኑረው። ከዚህ በላይ ከተጨመረበት ተጫዋቹ የመረጠውን ይረሳዋል።

1ኛ ክፍል፣ ወደቡ። በክረምት ማዕበል ሰው የጫነ ጀልባ ሊገለበጥ ይደርሳል፤ ከደንገል የተሠራች አንዲት ታንኳም በሌላ በኩል አለች። ልጅቱ ውሃውን ብታረጋጋ ሰው ሁሉ ያያታል። ብትደበቅ የምታድነው አንዱን ብቻ ነው። ታንኳውን የሚቀዝፉት ሽማግሌ ከነገደ ወይጦ ወገን ናቸው። ነዳፊው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ። ታንኳ የመሥራትን ጥበብ ጠብቆ ያኖረ ሕዝብ በታሪክ ውስጥ የሥዕል ማስጌጫ ሆኖ ሊገባ አይገባም። ሄዶ መጠየቅ፣ የጻፉትንም አንብቦላቸው ማስተካከል ግዴታ ነው።

2ኛ ክፍል፣ ፎገራ። ርብና ጉማራ ሞልተው የሩዝ ማሳው ሊዋጥ ነው። ውሃውን ከምሥራቁ ዳር ብትገፋው በደቡብ ያሉት ዝቅተኛ ሰፈሮች ይሞላሉ።

3ኛ ክፍል፣ እምቦጩ። አረሙ ዓሣ አጥማጆቹን መንገድ ዘግቶባቸዋል። በአንድ ሌሊት ጠርጋ ልታስወግደው ትችላለች፤ ነገር ግን ያልተነቀለ አረም ተንሳፎ ወደ ጎረቤት መንደር ይሄዳል። ሌላው መንገድ ከሕዝቡ ጋር ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጅ መንቀል ነው። ይህ አድካሚና ረጅም ሲሆን ኃይሏም አይታይበትም። ተጫዋቹም ይህን ከመረጠ ረጅሙን ሥራ በጣቱ መሥራት አለበት፤ በአንድ ቁልፍ አይለፍ።

4ኛ ክፍል፣ ጢስ ዓባይ። ፏፏቴውን ለእንግዳ በማሳየት የሚተዳደር ወጣት ውሃው ለአንድ በዓል ብቻ እንዲለቀቅለት ይለምናታል። ቃል ብትገባለት ቃሉ በሚቀጥለው ክፍል ይጠየቃል።

5ኛ ክፍል፣ የጨረጨራ በር። የድርቅ ዓመት ነው፤ ባለ ጉዳዮቹም ሁሉ ተሰብስበዋል። ፍጻሜው ሦስት ነው። በሌሊት ብቻዋን ትወስናለች፤ ወይም ቃል ለገባችለት ወገን ታደላለች፤ ወይም ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጣ ውሃው በፈረቃ እንዲዳረስ ታደርጋለች። ሦስተኛው የተሻለ ቢመስልም ምክሩ ሲረዝም የአንዱ መንደር ወቅት ያልፋል። በሦስቱም ፍጻሜ የሚጎዳ አለ፤ የሚጎዳውንም ሰው ተጫዋቹ በስሙ ያውቀዋል።

አንድ ክፍል የት ላይ ይቁም ለሚለው ጥያቄ መልሱ ምርጫው ከተደረገ በኋላ፣ ውጤቱ ከመታየቱ በፊት ነው። ተጫዋቹ ቀጣዩ ክፍል እስኪወጣ ድረስ የሠራውን እያሰበ ይቆያል። በዶርም ውስጥም አንዱ ለሌላው «አንተ ምን አደረግህ?» ይላል። ተከፋፍሎ የመውጣቱ ትልቁ ጥቅም ገበያ ሳይሆን ይህ ክርክር ነው።

መ. ቅርንጫፍና መጋጠሚያ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። በየክፍሉ 3 ምርጫ ይኑር፣ እያንዳንዱም ምርጫ ባለ 2 መንገድ ይሁን። በ5 ክፍል 15 ምርጫ ይሆናል። መንገዶቹ ሳይገናኙ ሁሉም ለየብቻ ከሄዱ 2 በራሱ 15 ጊዜ ተባዝቶ 32,768 ፍጻሜ ይወጣል። በቀን አንድ ፍጻሜ የሚጽፍ ተማሪ ሥራውን ለመጨረስ ከ89 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ከላይ የጠቀስነው የ1967ቱ ምሥጢር ያስፈልጋል፤ መንገዶቹ ጥቂት ተለያይተው መጋጠም አለባቸው። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን ማታለል ነው። በቴልቴል ጨዋታዎች ላይ ብዙ ተጫዋቾች ያማረሩት፣ «የመረጥነው ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው» በማለት ነበር።

መፍትሔው መዝገብ መያዝ ነው። ታሪኩ ቢገጥምም የተጫዋቹ ሥራ በጥቂት ምልክቶች ይመዝገብ። ለጣናው ጨዋታ ሦስት ይበቃሉ። እነርሱም ልጅቱ ታውቃለች ወይስ ተሰውራለች፣ ቃሏን ጠብቃለች ወይስ አፍርሳለች፣ አረሙን ከሕዝብ ጋር ነቅላለች ወይስ ብቻዋን ገፍታለች የሚሉት ናቸው። ሦስት ምልክት ሁለት ሁለት መልክ ሲኖረው 8 ዓይነት ሁኔታ ብቻ ይወጣል፤ ይህን አንድ ጸሐፊ ይችለዋል። በ5ኛው ክፍል ስብሰባው ለሁሉም ተጫዋች አንድ ነው፤ የሚነሣው ሰው፣ የሚናገረው ቃልና የሚያሳየው ፊት ግን ይለያያል። በአንዱ ተጫዋች ዘንድ ታንኳ ቀዛፊው ሽማግሌ ተነሥተው ይመሰክሩላታል፤ በሌላው ዘንድ ፊታቸውን ያዞራሉ። መንገዱ ቢገጥም እንኳ ሰዎቹ ያው አይደሉም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለው የአገራችን ምሳሌ የዚህ ጨዋታ ዋና ደንብ ሊሆን ይችላል።

ሠ. የአማርኛው ጉዳይ

የውጭውን ጨዋታ እያዩ በአማርኛ መጻፍ ቀላል የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን ቋንቋችን ለነዳፊው ችግርም ሀብትም አለው።

ችግሩ ግሡ ወንድና ሴት መለየቱ ነው። ተጫዋቹ ወንድ ወይም ሴት ጀግና ይምረጥ ብንል ለጀግናው የሚነገረው ቃል ሁሉ ሁለት ጊዜ መጻፍ አለበት። ጀግናዋን አስቀድመን ሴት ያደረግናት ሥራውንም ለማቃለል ነው፤ ሁሉም «አንቺ» ይሏታል።

ሀብቱ ደግሞ አክብሮቱ ነው። አንድን ባለ ሥልጣን «እርስዎ» ማለትና «አንተ» ማለት በእኛ ዘንድ ራሱ ምርጫ ነው፤ ይህን የእንግሊዝኛው ጨዋታ ሊያገኘው አይችልም። የሚከተለውን ከ1ኛው ክፍል መጨረሻ እንመልከት።

ሽማግሌው፦ «ልጄ፣ ማዕበሉን ያበረደችው እሷ ናት ይሉሻል። እውነት ነው?»

1. «አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ።»
2. «እኔ ምን ኃይል አለኝ አባባ? እግዜር ነው እንጂ።»
3. (ዝም ማለት)

የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ነገር ግን ነገ አገሩ ሁሉ ደጇ ላይ ይሰለፋል። ሁለተኛው ትሕትና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሽሽት አለበት። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ሰምና ወርቅ የሚባለው ትምህርት እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ተጫዋቹ ሰሙን ይመርጣል፣ ሽማግሌው ግን ወርቁን ይሰማሉ። በ5ኛው ክፍል ሽማግሌው «ያኔ በእግዜር ያመካኘሽው ዛሬስ በማን ልታመካኚ ነው?» ቢሉ ተጫዋቹ የድሮ ቃሉ ተመልሶ ሲመጣበት ያየዋል። ሦስተኛውም ሰነፍ መልስ አይደለም፤ ዝም ያለን ሰው እያንዳንዱ እንደ ልቡ ይተረጉመዋልና።

ረ. በተግባር እንዴት ይጀመራል?

ለመጀመር ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ወለል ላይ በመዘርጋት በክር ማያያዝ ነው። ጓደኛ ጠርቶ ማጫወት፣ የትኛው ወረቀት ላይ እንደሚሰለችና የትኛው ላይ እንደሚከራከር መመዝገብ ነው። ማንም የማይከራከርበት ምርጫ ይሰረዝ፤ ሁሉም አንዱን መንገድ ብቻ የሚመርጥበትም እንደዚሁ።

ቀጥሎ ትዋይን የተባለው ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ከ2009 ጀምሮ ያለ ሲሆን ኮድ የማያውቅ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንኳ በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ሥዕልና ድምፅ ለመጨመር ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ያለው ሬንፓይ ነጻ ነው፤ የተሠራውም ጨዋታ በስልክ ላይ ይሄዳል። ከብዙዎቻችን እጅ ያለው ስልክ ስለሆነ ፋይሉ ትንሽ ይሁን፤ ተንቀሳቃሽ ምስል ቀርቶ በጥሩ ሥዕልና በጥሩ ንግግር ይሠራ። የግዕዝ ፊደሉም በትንሽ መስኮት ላይ እንዲነበብ አስቀድሞ ይፈተሽ።

ሌላው ምክር የ2018ቱን መዘጋት ማስታወስ ነው። 1ኛው ክፍል ከመውጣቱ በፊት የሁሉም ክፍል ጽሑፍ ተጽፎ ይለቅ። ፈተና፣ ዕረፍት፣ ምረቃ ይመጣል፤ ተጫዋችን በመንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ችግሩን ጨርሶ የማይፈታ ጀግና ምኑ ጀግና ነው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በአገራችን ፉከራና ቀረርቶ ስንሰማ ያደግነው ጀግና ጠላቱን የሚጥል ነው፤ ጠላት ከውጭ በመጣ ጊዜም እንዲህ ያለው ጀግና አስፈልጎናል። ነገር ግን ከ2023 ወዲህ በክልላችን የመሣሪያ ድምፅ የሰማ ተማሪ ኃይል ምን እንደሚያፈርስ ለማወቅ ጨዋታ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገን ኃይል በእጁ እያለ «ይህን ሳደርግ ከማን እየወሰድኩ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። ነገ ከመካከላችን አንዱ መሐንዲስ ሆኖ በር ይከፍታል፣ አንዱ ዳኛ ሆኖ ይፈርዳል፣ አንዱ ሹም ሆኖ ይፈርማል። የእነዚህ ሰዎች ኃይል ከዚያች ልጅ ኃይል በምንም አይለይም፤ ሁሉም ከአንዱ ዳር ወስዶ ለሌላው ይሰጣል።

ስለዚህ ከፔዳ ግቢ የሚጽፍ፣ ከፖሊ ግቢ የሚሠራ፣ ሥዕል የሚችል፣ ከውሃ ትምህርት ክፍልም ስሕተታችንን የሚያርም ተገናኝተን 1ኛውን ክፍል ብንሞክር መልካም ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ደስታ ወረቀትና አንድ ጥቅል ክር ብቻ ነው።